ጋዙን የዘጋንበት ብርድ

በዚያን ዘመን የምንኖረው በመኪና በሚጎተት ቤት ውስጥ ነበር፤ ትሬይለር በሚሉት። ለሽርሽር እንጂ ለኑሮ የተሠራ አይደለም። ርዝመቱ ከአንድ ሚኒባስ ብዙም አይበልጥም፤ ግድግዳው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን የበላንበት ጠረጴዛ ማታ ዝቅ ተደርጎ አልጋ ይሆናል። ኢስት ፖይንት በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ጓሮ ነበር የቆመው። ባልየው በሕይወት ሳሉ በጋ በመጣ ቁጥር እየጎተቱት ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊያጠምዱ ይሄዱበት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ጎማው ተንፍሶ፣ ሣር በቅሎበት እዚያው ቀረ። ባለቤቴ ኤርፖርት አውሮፕላን ያጸዳ ነበርና፣ የመኪናችንም ሞተር ስለነደደ፣ በእግር ተሂዶ ሥራ የሚደረስበት ቦታ ማግኘታችንን እንደ ዕድል ቆጠርነው።

እኔ፣ ባለቤቴ፣ ገና መዳህ የጀመረች ልጃችንና የባለቤቴ አክስት ነበርን። አክስቱን እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸውንም ልጃቸውንም ያጡ፣ ከሱዳን ከእኛ በኋላ የመጡ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። እኔ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ስጀምር ልጄን አምኜ የምተዋት ለእሳቸው ብቻ ነበር። ሌላ ሰውም አልነበረንም።

የገባን ዕለት አከራያችን በከዘራ እየተደገፉ መጥተው ቤቱን አሳዩን። ፊት ለፊት፣ መጎተቻው ብረት ላይ፣ ሁለት የፕሮፔን ጋዝ ሲሊንደሮች ተቀምጠዋል። ከእነሱ የሚወጣው ቱቦ በወለሉ ሥር አልፎ ምድጃውንና ግድግዳው ላይ ያለውን ማሞቂያ ይመግባል። አሮጊቷ የምድጃውን መክፈቻ ትንሽ ከፈት አድርገው ወዲያው ዘጉትና፣

"አሽትቱ" አሉን።

የገማ እንቁላል የመሰለ ሽታ አፍንጫችንን መታው።

"ይሄ ሽታ ከመጣ ምንም አትንኪ" አሉኝ ጣታቸውን እየወዘወዙ። "መብራት አታብሪ፣ ክብሪት አትጫሪ። ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ ከዚያ ጥሪኝ። ጋዙ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው።"

ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም እንደኛው ፊታቸውን አጨማደው፣ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። እኔ የሰማሁት ግን የመጨረሻውን ነገር ነው። ወለሉ ላይ ይተኛል። ልጄ የምትድኸው ወለሉ ላይ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ አሽትቼ ነበር የምወጣው።

ኅዳር ላይ ብርዱ ጀመረ፤ ማሞቂያውንም ለኮስነው። አንድ ቀን ሆቴሉ እንግዳ ስላልነበረው ሱፐርቫይዘሯ ከምሳ በፊት አሰናበተችኝ። ደስ ብሎኝ፣ ልጄን ጡት ላጠባ ነው ብዬ፣ ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ እየሮጥኩ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ያ የገማ እንቁላል ሽታ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ተለጠፈ።

እትዬ ምድጃው ፊት ቆመዋል። ድስቱን ጥደዋል። በግራ እጃቸው የክብሪቱን ቀፎ፣ በቀኝ እጃቸው አንድ እንጨት ይዘዋል።

"እትዬ! አይጫሩት!"

ዘወር ብለው ፈገግ አሉ። "መጣሽ እንዴ? ሽሮ ላሞቅልሽ ነበር እኮ።"

"ክብሪቱን ይጣሉት! ይጣሉት ብያለሁ!"

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼባቸው አላውቅም። እጃቸው አየር ላይ ደረቀ። ወለሉ ላይ ልጄ ማንኪያ እያንከባለለች ትጫወታለች። አንስቼ አቀፍኳት፤ እሳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጎትቼ ከደረጃው አወረድኳቸው። ሣሩ ላይ ስንደርስ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ብርዱ ሲነካት አለቀሰች። ለቅሶዋ ያን ቀን ደስ ያለኝን ያህል ምንም ነገር ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አከራያችን ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ጠጋ ሳይሉ ገና ሽታው ገባቸውና፣ ሲሊንደሮቹን በእጃቸው ጠምዝዘው ዘጉ። በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ጥቂት ካቆዩ በኋላ ገብተው አዩ። ከምድጃው መክፈቻዎች አንዱ በትንሹ ዞሮ ኖሯል። እትዬ ዕቃ ሲያነሱ የነጠላቸው ጫፍ ጎትቶት ይሆናል። የግድግዳው ማሞቂያ ደግሞ ያን ጠዋት ጠፍቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፋችሁ አሉ አሮጊቷ፤ እሳቱ በርቶ ቢሆን ኖሮ ክብሪትም አያስፈልግም ነበር።

እሳቸው ሲሄዱ እትዬ ከጎኔ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣ እኔ አይሸተኝም" አሉኝ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ሱዳን ታምሜ ከተነሳሁ ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል። ሽንኩርት ሲያር አላውቅም። በዓይኔና በጆሮዬ ነው የማበስለው።"

"ያን ቀንስ? ከእኛ ጋር ሲያሸቱ ፊትዎን አጨማደው ነበርኮ?"

"እናንተን አይቼ ነዋ።"

"ለምን አልነገሩንም፣ እትዬ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ብነግርሽ ልጅሽን ትሰጪኝ ነበር?"



ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። "ሌላ ሰው እንፈልግላት ይሆን?" አለኝ በሹክሹክታ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ። በዚያች ጠባብ ቤት ደግሞ የማይሰማ ነገር የለም። ሥራ ልተው ብል አንችልም። እትዬ አይጠብቋት ብል ደግሞ ልጅቷ ከእኔ ይልቅ የምትወደው እሳቸውን ነው፤ የት ይሂዱ? በማግስቱ ጠዋት አከራያችን ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፤ አክስታችን ማሽተት አይችሉም አልኳቸው። አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"እንግዲያውስ ጋዙ ይዘጋል" አሉ። "ባሌ አንድ ቦታ ከቆመ በኤሌክትሪክ ነበር የሚያሞቀው። ጋዙን ለመንገድ ነበር የሚያስቀምጠው።"

ከጋራዣቸው አቧራ የጠጣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና እንደ እባብ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ አወጡ። ገመዱን ከቤታቸው ሶኬት ሰክተው በሣሩ ላይ ስበው ትሬይለሩ ውስጥ አስገቡት። የሚበስልበትም አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰጡን። ከዚያ ሕጉን ተናገሩ። ማሞቂያውና ምድጃው አንድ ላይ አይበሩም፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ማሞቂያው ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ ይራቅ። ሌላ ቀጭን ገመድ አይቀጠልበት።

ፍርሃቱ ቀረ መስሎኝ ነበር። ቤት ለወጠ እንጂ አልቀረም። ማሞቂያውን መጀመሪያ ስናበራው የከረመው አቧራ ነደደና ቤቱ ሁሉ ቃጠሎ ቃጠሎ ሸተተ፤ አንስቼ ወደ ውጭ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የቀላው ሽቦ ከልጄ ራስ ከፍታ ጋር እኩል ነው። ባለቤቴ የፍራፍሬ ሣጥን አፍርሶ አጥር ቢሠራለትም እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ጋዝ ቢያንስ ይሸታል እል ነበር፤ ኤሌክትሪክ ግን ግድግዳው ውስጥ ተደብቆ ሲነድ ማን ያየዋል? ቢሸትስ፣ ቤት ያሉት ሰው አይሸታቸው!

ሥራ ቦታም ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። የመታጠቢያ ገንዳ እየፈተግኩ የማየው የትሬይለሩን በር ነው። አንድ ቀን የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ በሆቴሉ ፊት አለፈ፣ ወደ እኛ ሠፈር አቅጣጫ። በእጄ የነበረውን አንሶላ ጥዬ፣ ክልክል መሆኑን እያወቅኩ፣ ከእንግዳው ክፍል ስልክ አከራያችን ዘንድ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። እግራቸው ችግር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ቢሆንም በእያንዳንዱ ጥሪ ቤቱ ሲነድ ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ አነሱት።

"የኔ ማር፣ ቤቱ እንደቆመ ነው" አሉኝ ከመናገሬ በፊት፤ ሳይረኑን እሳቸውም ሰምተው ኖሯል። "አክስትሽ ደጅ ወጥታ ለልጅሽ ወፍ እያሳየቻት ነው።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ።

እትዬ ግን የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። ማሽተት ቢያቅታቸው መዳፋቸው አለ። ቀኑን ሙሉ እየዞሩ ገመዱን፣ ስፒናውን፣ ከሶኬቱ ዙሪያ ያለውን ግድግዳ ይዳስሳሉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። እኔን አላመኑኝም፤ ባለቤቴንም አላመኑም። ማታ ከመተኛታቸው በፊት "ነካሁት፤ ደህና ነው" ይላሉ። አንድ ቅዳሜ እጄን ይዘው ወደ ሶኬቱ ወሰዱኝ።

"ንኪው እስቲ። ትናንት እንዲህ አልነበረም።"

ስፒናው ያቃጥላል። ስነቅለው አንደኛው እግሩ ጠቁሯል፤ የሶኬቱም ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ መቅለጥ ጀምሯል። እኔ ምንም አልሸተተኝም ነበር። አከራያችን አይተው፣ ይሄ ሶኬት ያረጀ ነው፣ ውስጡ ላልቷል ብለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርተው አስለወጡት። የዚያን ዕለት ባለቤቴ ሌላ ሰው ስለመፈለግ የተናገረውን ነገር ተወው፤ እኔም አላነሳሁበትም።

ሌላም ያላሰብነው መጣ። የጋዙ ማሞቂያ ሲበራ ሙቀቱ በወለሉ ሥር ያለውን የውሃ ቧንቧም ያሞቀው ኖሯል። የኤሌክትሪኩ የሚያሞቀው ክፍሉን ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ቧንቧው በረዶ ሆኖ ጠብ የሚል ውሃ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ከአከራያችን ኩሽና በባልዲ እየቀዳን ነበር የምንገባው። እትዬ ባልዲውን ተሸክመው ሲገቡ አሮጊቷ በር ይይዙላቸዋል፤ አንዳቸው በአማርኛ፣ አንዳቸው በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ምን እንደሚባባሉ ግን እግዚአብሔር ይወቀው።

ጥር ላይ ልጄ ጉንፋን ያዛት፤ ከእሷ እኔን። አፍንጫዬ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ባለቤቴ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ሰማዩ እንደ እርሳስ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ዝናብ ጀመረ፤ ግን እንደ ዝናብ ወርዶ የነካው ነገር ላይ በረዶ የሚሆን ዝናብ። አውቶቡስ መሥራት አቆመ፤ እኔም ቤት ቀረሁ። የጥዶቹ ቅርንጫፎች በብርጭቆ የተለበዱ ይመስላሉ። ክብደቱ ሲበዛባቸው አንድ በአንድ ጧ እያሉ ይሰበራሉ። እትዬ በእያንዳንዱ ድምፅ ይደነግጣሉ፤ ተኩስ ካለበት አገር ነው የመጡት።

ከዚያ ማሞቂያው ጠፋ። ቀላ ያለው ሽቦ ደብዝዞ፣ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ብሬከሩ ወድቆ ነው ብዬ ወደ አከራያችን ቤት ብመለከት የእሳቸውም መብራት ጠፍቷል። መንገዱም ሁሉ ጨልሟል። የሆነ ቦታ ሽቦው ተበጥሷል።

ቆርቆሮ ቤት ሙቀት አይዝም። ጥቂት ሳይቆይ ትንፋሻችን መታየት ጀመረ። ያለንን ልብስ ሁሉ ልጄ ላይ ደረብኩ። ሳሏ ግን ከደረቷ ጥልቅ ይመጣ ነበር፤ ከንፈሯም ዙሪያው ሰማያዊ እየሆነ የሄደ መሰለኝ። እትዬ ከነጠላቸው ሥር አስገብተው ሆዳቸው ላይ ለጠፏት።

"ጋዙን ለኩሺው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ምን ይላሉ?"

"ልጅቷ ትሞትብናለች። ለኩሺው።"

"እኔም ዛሬ አይሸተኝም!"

ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ነገሩ የገባን። እዚያ ቤት ውስጥ የሚያሸት አፍንጫ አልነበረም። ቱቦው ቢያፈስ፣ ወለሉን ቢሞላው፣ ሁለታችንም ፈገግ ብለን ክብሪት እንጭራለን።

በሩን ከፍቼ ተጣራሁ። አከራያችን ሁለት ካፖርት ደርበው በረንዳቸው ላይ ወጡ። ቤታቸው ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሪክ ነው፤ እሳት የሚነድበት ቦታ የለውም። እሳቸውም በብርድ እየተንቀጠቀጡ ነበር። አፍንጫዬን በጣቴ እያሳየሁ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ተረዱኝ። ወደ ውስጥ ገብተው ጠፉ። ጥለውን የገቡ መስሎኝ ተስፋ ቆርጬ ሳለ፣ እንዳያንሸራትታቸው ጫማቸው ላይ ካልሲ አጥልቀው፣ አንገታቸው ላይ ቦርሳ አንጠልጥለው፣ በከዘራቸው በረዶውን እየወጉ ብቅ አሉ። በዚያ እግር ያንን ሣር ሲያቋርጡ ማየት ራሱ ሰቀቀን ነበር። ሮጬ ልይዛቸው ስል እኔው ወደቅኩ።

"ተነሺ" አሉኝ ከበላዬ ቆመው። "አፍንጫዬን ይዤልሽ መጥቻለሁ።"

ከቦርሳቸው የቧንቧ መፍቻና የሳህን ማጠቢያ ሳሙና አወጡ። ሳሙናውን በኩባያ ውሃ መትተው አረፋውን በጨርቅ በየመገጣጠሚያው እንድቀባ አዘዙኝ። ሲሊንደሩን ከፈቱት። አረፋው የሚነፋ ከሆነ ጋዝ እየወጣ ነው፤ ለዚህ አፍንጫ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል አሉኝ። ተንበርክኬ አፈጠጥኩ። ቱቦው ከሲሊንደሩ የሚነሳበት ላይ አንዲት ትንሽ አረፋ ብቅ አለች፤ አደገች፤ ፈነዳች። ሌላ ተከተለቻት።

"አየሁት!" ብዬ ጮህኩ።

ዘጉት፤ በመፍቻው አጠበቅነው፤ እንደገና ከፍተን ቀባን። አረፋው ዝም አለ። ወደ ምድጃውና ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትንም ሁሉ ቀባሁ፤ ጣቶቼ ደንዝዘው የእኔ አይመስሉም ነበር። አሮጊቷ ወለሉ ላይ በደረታቸው ሊተኙ ምንም እስከማይቀራቸው ጎንበስ ብለው፣ እንደ አዳኝ ውሻ ከጥግ ጥግ አሸተቱ።

"ንጹሕ ነው። ለኩሺ።"

"እርስዎ ልጅቷን ይዘው ይውጡ" አልኳቸው እትዬን። ወጡ፤ ግን ከደረጃው አልራቁም። በተከፈተው በር ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ቆሙ። ክብሪቱን ጫርኩ፤ ተሰበረ። ሁለተኛውን ነፋስ አጠፋው። ሦስተኛውን ስጭር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ፍፍፍ የሚል ድምፅ ሰማሁና ይኸው አለቅን አልኩ። ስገልጥ ሰማያዊ እሳት ተደርድሮ ቆሟል።

አከራያችን መስኮቱን ጣት ታህል ከፈት አድርገው እንዲቆይ አደረጉ፤ እሳት አየር ይበላል አሉ። ከዚያ የጠረጴዛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ልጅቷን እንደታቀፉ ከጎናቸው ተቀመጡ። ቀስ በቀስ የልጄ ከንፈር ቀላ። ሙቀቱ ሲሰማቸው ግን አሮጊቷ አንገታቸው ዘንበል አለና አንኮራፉ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። "አፍንጫው ተኛ እኮ!"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቁ ግን ከፍርሃት አላወጣኝም። እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። አሮጊቷ ነቅተው ዙሪያውን አሸተቱና "ንጹሕ" ብለው መልሰው ተኙ። ባለቤቴ በረዶውን በእግሩ አቋርጦ ሲመሽ እስኪደርስ ድረስ እንዲህ ነበር የቆየነው፤ እሳቸው ይተኛሉ፣ እትዬ ይጎሽማሉ፣ እሳቸው "ንጹሕ" ይላሉ። ባለቤቴ በሩን ሲከፍት የመጀመሪያው ጥያቄዬ ደህና መሆኑ አልነበረም።

"ይሸትሃል?" አልኩት።

"ምን?"

"ዝም ብለህ አሽትት!"

"ሳሙና ሳሙና ይላል" አለኝ ግራ ገብቶት።

መብራቱ በማግስቱ መጣ። ጋዙን መልሰን ዘጋነው፤ እስከ ጸደይም በኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ቆየን። ከዚያ ስማይርና በምትባል ሌላ ከተማ አፓርታማ አገኘን። ስንለቅ አከራያችን እትዬን አቅፈው ብዙ አቆዩዋቸው። እኔ እስከ ዛሬ እሳት በሚነድበት ቤት ውስጥ አርፌ አልተቀመጥኩም።

እትዬ ግን ተለወጡ። ለሐኪም አሳይተናቸው ነበር፤ ማሽተቱ አይመለስም አሏቸው። ያን የፋሲካ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ኩሽና ውስጥ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲያቁላሉ፣ በሰው ፊት ቃል የማይተነፍሱት እትዬ ማማሰያውን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ስሙኝማ፣ እኔ አይሸተኝም" አሉ። "እያማሰልኩ እውላለሁ፤ ማረር ሲጀምር ግን አንዳችሁ ንገሩኝ።"